ጠለፋና የእግር ቁልፍ
በአማርኛ ጉልበት ማለት የእግር መታጠፊያም ነው፤ ኃይልም ነው። በቆቦ ሜዳ ማሽላ ለሚያርስ ገበሬ ሁለቱ አይለያዩም፤ አንደኛው ከተጎዳ ሌላው አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ጉልበትን የሚያሰጋውን የትግል ስልት በአጭሩ እንገልጻለን።

በአገራችን ትግል እግር የሚያገለግለው ለጠለፋ ነው፤ ተጠላፊው ሲወድቅ አሸናፊው ይለያል። በብራዚል ጁጂትሱ ግን ግጥሚያው ከወደቁ በኋላም ይቀጥላል። አጥቂው የባላጋራውን እግር በሁለት እግሮቹ መካከል ቆልፎ፣ ተረከዙን በክንዱ መታጠፊያ ይዞ ይጠመዝዛል። የሚዞረው ቁርጭምጭሚቱ ይምሰል እንጂ ኃይሉ የሚያርፈው በጉልበቱ ላይ ነው። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል እንጂ ብዙ መዞር ስለማይችል ጅማቱ ይበጠሳል። ከሁሉ የሚከፋው ሕመሙ በደንብ ሳይሰማ ጉዳቱ ሊደርስ መቻሉ ነው።

የዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ይህን አያያዝ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ከልክሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈቀደውም የስፖርቱን ካባ ሳይለብሱ ለሚጋጠሙ ቡናማና ጥቁር ቀበቶ ላላቸው አዋቂዎች ብቻ ነው።

እንግዲህ ስልቱን የሚማር ሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊለምድ ይገባል፤ የተያዘው ሕመም ሳይጠብቅ በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያሳውቅ፤ የያዘውም ወዲያው ይልቀቅ።