በመመሪያና በናሙና ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ የድረ ገጽ አድራሻ

አንድ የንግድ ቤት ለሠራተኞቹ የሥራ መመሪያ፣ ለደንበኞቹም የማዘዣ ናሙና ሲያዘጋጅ በስም ስፍራ «አቶ እገሌ» ብሎ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ የሚጎዳ ሰው የለም። በድረ ገጽና በኢሜይል አድራሻ ስፍራ ግን ጸሐፊው ከራሱ ፈጥሮ የሚያሰፍረው ስም የእገሌን ያህል ባዶ አይደለም። ስሙ ዛሬ የሌላ ሰው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ባለቤት ባይኖረው እንኳ ነገ ማንም በጥቂት ገንዘብ ሊያስመዘግበው ይችላል። ናሙናውን እንዳለ የገለበጠ ደንበኛም ፕሮፎርማውንና የባንክ ሒሳብ ቍጥሩን ለማያውቀው ሰው ይልካል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 «ዱኖትሪፕላይ ዶት ኮም» የተባለውን ስም አስመዘገበ፤ ትርጓሜውም «መልስ አትስጡ» ማለት ነው። ብዙ ድርጅቶች ስሙ ባለቤት የሌለው መስሏቸው በላኪ አድራሻ ስፍራ ይጽፉት ስለ ነበር፣ የደንበኞች መልስና ሳይደርስ የተመለሰው ደብዳቤ ወደ እርሱ ይጎርፍ ጀመር። ዋሽንግተን ፖስት እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ዘገበው ከእነዚህ መካከል የባንክ ጉዳይ የያዙም ነበሩ። ሰውዬው አንዳንዱን በድረ ገጹ ያወጣ፣ እንዲነሣላቸው የለመኑትንም ለእንስሳት መጠለያ ገንዘብ እንዲሰጡ ይጠይቅ ነበር። ቀልደኛ እንጂ አጭበርባሪ አለመሆኑ ለድርጅቶቹ ዕድል ነው።

የኢንተርኔት መሐንዲሶች ግን ለዚህ ችግር አስቀድመው መላ አበጅተው ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በወጣው 2606 ቍጥር ሰነድ «ኤግዛምፕል ዶት ኮም»፣ «ኤግዛምፕል ዶት ኔት» እና «ኤግዛምፕል ዶት ኦርግ» ለምሳሌነት ብቻ ተከልለዋል፤ ለማንም አይሸጡም። ሻጭና ገዢን ለይቶ ማሳየት ለሚፈልግ መመሪያ ደግሞ ይኸው ሰነድ «ዶት ኤግዛምፕል» የተባለውን መጨረሻ አቆይቶለታል፤ ከፊቱ «ቡናላኪ» ወይም «ቡናገዢ» ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍ ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በአገራችን መለያ፣ ማለት በ«ዶት ኢቲ» ለሚጽፉ ነው። ሰነዱ ይህን መለያ አይጠቅስምና፣ «ኤግዛምፕል» የሚለውን ቃል ከፊቱ በማስቀደም ብቻ አድራሻው ተከልሏል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መጠቀም ይበጃል፤ በመጋዘን የተከማቹ የቀድሞ ናሙናዎችም ለደንበኛ ከመሰጠታቸው በፊት በዚህ ረገድ ሊታዩ ይገባል።