አፍቃሪው አንበሳ ሲሆን
ስለ ዘመኑ የፍቅርና የምናብ ልብ ወለዶች የአንዲት አንባቢ አስተያየት

የአንበሳውን ፀጉር ተረት ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ባሏ ፊቱን ያዞረባት አንዲት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ትሄዳለች። አዋቂውም ከነሕይወቱ ካለ አንበሳ ፀጉር ነቅላ እንድታመጣ ያዛታል። ሴትዮዋ በየዕለቱ ሥጋ እየወረወረች፣ በየዕለቱ አንድ እርምጃ እየቀረበች አንበሳውን ለማዳ ታደርገውና ፀጉሩን ይዛ ትመለሳለች። አዋቂውም አንበሳን ለማዳ ያደረገች ሴት ባሏን መመለስ እንደማያቅታት ነግሮ ያሰናብታታል።

ተረቱ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይጠይቅ ያልፋል። ለመሆኑ ባልየው አንበሳ የሆነው ለምንድን ነው? ትዕግሥቱስ ከሴቲቱ ብቻ የሚጠበቀው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካለፉት ዐሥር ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ እጅግ የተነበቡት የፍቅር ልብ ወለዶች፣ በተለይም ፍቅርን ከአስማትና ከዘንዶ ጋር ያጣመሩት፣ በአብዛኛው በዚሁ ተረት ላይ የቆሙ ናቸው። ኃይለኛና አስፈሪ ወንድ፣ እርሱን የምታለዝብ ወጣት ሴት። እነዚህ መጻሕፍት እንግሊዝኛ በሚያነቡ ልጆቻችን ስልክ ውስጥም ይገኛሉ። ስለዚህ እኛ እናቶች ምን እንደሚሉ ብናውቅ አይከፋም። ከዚህ በታች ስለ ሦስቱ የተሰማኝን በግልጽ አቀርባለሁ። የምመዝንበት ሚዛን አንድ ነው፤ ልጅቱ የምትኖርበትን ቤት በር የሚዘጋው ማን ነው? የሚከፍተውስ?

በአስማት የተዘጋ ቤት

የመጀመሪያው በአሜሪካዊቷ ደራሲ በሳራ ጄ. ማስ የተጻፈው፣ ርእሱ በአማርኛ «የእሾህና የጽጌረዳ ቤተ መንግሥት» ሊባል የሚችለው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። አንደኛው ቅጽ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ባለታሪኳ ፌይራ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ስትሆን፣ እግሩ የተጎዳ አባቷንና ሁለት እኅቶቿን በአደን ታስተዳድራለች። አንድ ቀን የገደለችው ተኩላ ከአስማተኞቹ ፍጡራን ወገን ሆኖ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ታምሊን የተባለው የአስማተኞቹ መስፍን በካሳ መልክ ወደ ግዛቱ ይወስዳታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1740 በፈረንሳይ የታተመው የ«ውቢቱና አውሬው» ተረት ነው።

ታሪኩ በአንደኛው ቅጽ ቢያበቃ ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንብቡት አልላችሁም ነበር። የአንበሳው ፀጉር ተረት የሐር ልብስ ለብሶ ቀረበ እንጂ ሌላ አዲስ ነገር የለውም። ደራሲዋ የሰውየውን ውበት ለመግለጽ የምትደረድረው ቃላትም ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ያ ለማዳ የሆነው አፍቃሪ «እንዳትጎጂብኝ» በሚል ሰበብ ፌይራን ከሥራም ከምክርም ያገልላታል፤ በመጨረሻም ቤቱን በአስማት ዘግቶ ያስቀራታል። ምግቡ፣ ልብሱ፣ አሽከሩ ሁሉ ሞልቷል፤ እርሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ትመነምናለች። ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ተመልሳ ላለመግባት ትወስናለች። «ምን ጎደለብሽ?» ተብላ የምታውቅ ሴት ሁሉ ይህን ክፍል ስታነብ ልቧ ይነካል።

ሌላም የወደድኩት ነገር አለ። ፌይራ ማንበብ አትችልም። ሞትና ሕይወቷ በሚወሰንበት ፈተና ላይ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ባለማወቋ ልትጠፋ ትደርሳለች፤ በኋላ ግን ፊደል ትማራለች። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልምሳችሁ ፊደል የቆጠራችሁ እናቶች፣ የዚህችን ልጅ ጭንቀት ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቅጽ የምታፈቅረው ሪሳንድ፣ በአንደኛው ቅጽ አስማተኛ ወይን እያጠጣ በሰው ፊት ያስጨፈራት ሰው ነው። ደራሲዋ ይህን ያደረገው ሊጠብቃት ብሎ ነው ትለናለች። «ለአንቺው ብዬ ነው» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ሰውዬ አፍ ሲወጣ በደል፣ ከሁለተኛው አፍ ሲወጣ ፍቅር ሊሆን እንዴት ይችላል? እኔ ይህን ምክንያት አልተቀበልኩትም።

ደካማ አካል፣ ብርቱ ልብ

ሁለተኛው የሬቤካ ያሮስ «አራተኛው ክንፍ» ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የተከታታዩ ሦስተኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሲወጣ በአሜሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ቫዮሌት የተባለችው የሃያ ዓመት ወጣት መጻሕፍት መካከል ለመኖር ስትዘጋጅ፣ ጄኔራል የሆኑት እናቷ ዘንዶ ጋላቢ ተዋጊዎች ወደሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት በግድ ይልኳታል። የልጅቱ መገጣጠሚያ በቀላሉ የሚወልቅ፣ አጥንቷም በቀላሉ የሚሰበር ነው። ደራሲዋ ራሷ ኤለርስ ዳንሎስ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለባት ተናግራለች። ስለዚህም የሕመሙ አገላለጽ ከልብ የመጣ ነው። ወገቧን እየደገፈች ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ወይም በሽያጭ ጠረጴዛ ኋላ የምትውል ሠራተኛ፣ ሕመሟን ታቅፋ መላ እየፈጠረች የምትታገል ጀግና በማግኘቷ ትደሰታለች።

የአብሮ አደጓ የዴይንም ነገር ትምህርት አለው። ይወዳታል፤ ፍቅሩ ግን «አትችይም፣ ተመለሺ» ከማለት አያልፍም። ከፍቅር የሚመጣ ንቀትም እንደሚጎዳ ደራሲዋ በደንብ አሳይታለች።

ነገር ግን ሞት በዚህ መጽሐፍ እጅግ ረክሷል። ወጣቶች ከጠባብ ድልድይ ላይ ይወድቃሉ፤ ጥቂት ገጽ ሳይቆይም ታሪኩ ወደ ፍቅር ወሬ ይመለሳል። ልጅ ላሳደገች አንባቢ ይህ ይጎረብጣል። ከዚህም ሌላ ዜደን የተባለው አፍቃሪ መጀመሪያ የሚቀርብልን ልጅቱን ሊገድል የሚችል ደመኛ ሆኖ ነው፤ ማስፈራራቱም እንደ ውበት ይቆጠርለታል። የመኝታ ቤቱ ነገርም ያለ መሸፈኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ ይህም ሆነ የመጀመሪያው ተከታታይ ለአዋቂ እንጂ ለታዳጊ የሚሆን አይደለም።

አስማት የሌለበት አንበሳ

ሦስተኛው ዘንዶም አስማትም የለውም። ኮሊን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው፣ «በእኛ ይብቃ» ብዬ የምተረጉመው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፊልም ተሠርቶበታል። ሊሊ እናቷ በአባቷ ስትደበደብ እያየች ያደገች፣ በቦስተን ከተማ የአበባ ሱቅ የከፈተች ወጣት ናት። ራይል የተባለ መልከ መልካም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ታፈቅራለች። አንድ ቀን እጁ ምድጃ ላይ ተቃጥሎ ሳለ ሊሊ በመሣቋ በቁጣ ይገፈትራታል። ከዚያ ይቅርታ፣ ከዚያ ልቅሶ፣ ከዚያ እንደገና ዱላ ይከተላል።

መጽሐፉ ከሁለቱ የሚበልጥብኝ ተረታችን ያለፈውን ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው። ራይል አንበሳ የሆነበት ምክንያት አለው፤ በልጅነቱ ሳያውቅ ወንድሙን በጥይት ገድሏል። ታሪኩ ያሳዝናል። ሊሊም ታዝንለታለች። ማዘን ሌላ፣ መደብደብ ሌላ መሆኑን ግን ደራሲዋ አጥብቃ ትይዛለች። የራይል እኅት አሊሳ እንኳ ለሊሊ ስትመክራት፣ እንደ እኅት ይቅር ብትይው እወድ ነበር፤ እንደ ጓደኛ ግን ወደ እርሱ ብትመለሺ ዳግም አላነጋግርሽም ትላታለች። በመጨረሻም ሊሊ ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ፣ ይህች ልጅ አድጋ የሚወዳት ሰው እንደመታት ብትነግርህ ምን ትላታለህ ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም ከራሱ መልስ ማምለጥ አይችልም፤ ይለያያሉ። ደራሲዋ ታሪኩ ከገዛ እናቷ ሕይወት መነሣቱን በመጽሐፉ መጨረሻ ገልጻለች።

የማልስማማበትም አለ። ይህን የመሰለ የመከራ ታሪክ እንደ ጣፋጭ የፍቅር ወሬ መሸጡ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከመጽሐፉ ጋር የሚሄድ የቀለም መቀቢያ ደብተር ሊታተም ታቅዶ፣ አንባቢያን ስለተቃወሙ ተሰርዟል። ሌላው ደግሞ፣ ሊሊ የራሷ ሱቅ፣ የራሷ ገንዘብ፣ የምታርፍበትም ደህና ወዳጅ አላት። ደመወዟ ለቤት ኪራይ የማይበቃ እናት ግን «ወጥቼስ የት እደርሳለሁ?» ማለቷ አይቀርም። ለእርሷ መጽሐፉ መልስ የለውም። ስለዚህ ቢያንስ ይህን እንወቅ፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋራ ንብረት በፍቺ ጊዜ በመሠረቱ እኩል እንደሚካፈል ይናገራል።

የእኛዋ ሰብለ

የተዘጋ በር ለእኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌልን ያሰረው የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ብዙ እናቶች አልቅሰዋል። በዛብህ አንበሳ አልነበረም፤ ማንበብና መጻፍ ሊያስተምራት የገባ ድኻ መምህር ነበር። ሰብለም የወደደችው ሊያስፈራራት የማይችለውን ሰው ነው። ልጆቻችን የባሕር ማዶውን ሲያነቡ የእኛንም አጠገቡ እናስቀምጥላቸው።

እናቶች ሆይ፣ መጽሐፉን ከልጃችሁ እጅ አትንጠቁ። የተነጠቀ መጽሐፍ ተደብቆ ይነበባል። ይልቁንስ እናንተም አንብቡት፣ ማንበብ ባይመቻችሁ እርሷ ትተርክላችሁ። ከዚያ ቡና እየተፈላ ሦስት ነገር ጠይቋት። ልጅቱ «አይሆንም» ስትል ሰውየው ይሰማል? ሥራዋን፣ ትምህርቷን፣ ጓደኞቿን ትታ ነው የወደደችው ወይስ ይዛ? ልሂድ ብትል በሩ ክፍት ነው? መልሷን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ስሟት። ስለ መጽሐፉ ሰው የጀመረችው ወሬ ስለ ራሷ ጓደኛ ወደ መናገር ሊያመራት ይችላልና።