ድርቅን በዝናብ አኀዝ መከታተል



ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ጎዴ ግን ከ300 ብዙም አትዘልም። ከሁለቱም 100 ሚሊ ሜትር ቢጎድል የጎሬ ገበሬ ላያስተውለው ይችላል፤ የጎዴ አርብቶ አደር ግን መንጋውን ሊያጣ ይችላል።

ማኪ፣ ዶስከንና ክላይስት እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት መለኪያ ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ የሚያነጻጽረው ከራሱ የቆየ መዝገብ ጋር ነው። የ30 ዓመትና ከዚያ በላይ መዝገብ ይመረጣል። ዜሮ የተለመደው ነው፤ ነጌቲቭ 1 ድርቅን፣ ነጌቲቭ 2 እጅግ የከፋውን ያመለክታል።

ተማሪዎቼን ዘወትር የማስጠነቅቀው ግን ስለ ወቅት ነው። የቦረና ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ አጭሩ በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። የጥርን ወር ለብቻው ብናሰላ፣ የወሩ ዝናብ ከዜሮ እምብዛም ስለማይርቅ፣ አንዲት ካፊያ አኀዙን «እርጥብ» ታሰኘዋለች። የ12 ወሩ ድምርም የበልጉን መክሸፍ በአጭሩ ዝናብ ሊሸፍነው ይችላል፤ ከብት ደግሞ ድምር አይጠጣም። ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ በቅድሚያ የምጠይቀው የሦስት ወሩን አኀዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ አምስት ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ እንዳየነው፣ የኤላዎችንና የመንጋውን መመናመን ለመረዳት ግን የ24 ወሩም ያስፈልጋል።