ከአስፋልቱ በፊት ቱቦው ይታይ

በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ለዓመታት የተመላለሰ የፒያሳ ሰው የወንዙን ሽታ ለይቶ ያውቀዋል። ከበካዮቹ አንዱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ከየግቢው ወጥቶ ከዝናብ ውሃ ቦይ ጋር የተቀጠለው የሽንት ቤት ቱቦ። ሌላው ከመሬት በታች ተደብቋል። የተሰነጠቀ፣ መጋጠሚያው የለቀቀ፣ በቅባትና በጨርቅ የታፈነ የፍሳሽ መስመር ማንም ሳያየው ዓመታት ያፈሳል። ጉዳቱ የሚታወቀው ማንሆል ገንፍሎ መንገዱን ሲያጥለቀልቅ ነው።

አዲስ አበባ ውሃ ማስገባቱን አስቀድማ ማስወጣቱን አዘግይታለች። ከእንጦጦ የተሳበው የቧንቧ ውሃ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የደረሰው በ1880ዎቹ ነው፤ ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ በሕይወት ሳሉ። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ እስኪሠራ ግን እስከ 1970ዎቹ ተጠበቀ። ከ80 ዓመት በላይ!

በ2010 ዓ.ም. እዚያው ቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ማጣሪያ የሚያጣራው የደረሰለትን ብቻ ነው። ፒያሳ ከቃሊቲ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ቁልቁለቱ ፍሳሹን ይወስደዋል፤ ቱቦው መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ግን ከፊሉ ወደ አፈሩና ወደ ወንዙ ይሰርጋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ የመሬት ውሃ ገብቶ መስመሩን ያጨናንቃል። ወንዞቻችን ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያው አትክልት ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

የቱቦውን ስንጥቅ ሳይቆፍሩ በካሜራ ማየት ይቻላል። ለቤት ቱቦ ካሜራው በጠንካራና ተጣጣፊ ገመድ ጫፍ ታስሮ ይገፋል። ለዋናው መስመር ደግሞ ጎማ ባላት ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ በማንሆል ይወርዳል። መብራቱ የቱቦውን ግድግዳ ያሳያል፤ ቆጣሪው ከማንሆሉ ስንት ሜትር እንደራቀ ይመዘግባል። ካሜራው ምልክት የሚልክ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ሠራተኛ በመሣሪያ ተከታትሎ ጉዳቱ ያለበትን ቦታ አስፋልቱ ላይ ያሰምርበታል። ዶማው የሚያርፈው እዚያ ነው። በደለልና በፍሳሽ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ግን ካሜራ አያይም፤ አስቀድሞ መስመሩን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ የግድ ነው።

ለእኔ ከምስሉ የሚበልጠው መዝገቡ ነው። እንግሊዞች በ1980 እ.ኤ.አ. ስንጥቁን፣ የዛፍ ሥሩን፣ የተዛነፈውን መጋጠሚያ ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ምልክት የሚመዘግብበት መመሪያ አወጡ። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲኖር የትኛው ቱቦ መጀመሪያ እንደሚጠገን የሚወስነው የጉዳቱ ክብደት ይሆናል፤ ብዙ የጮኸ ሰፈር መቅደሙ ይቀራል።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሳ እንደ አዲስ መሠራት ጀምራለች። የተዘረጋ ቱቦ አንዴ አስፋልትና የእግረኛ ንጣፍ ከተጫነበት ዳግም መክፈቱ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የቱቦውን የውስጥ ቀረጻ አይቶ ሳይቀበል የትኛውም መንገድ አይሸፈን፤ ርክክብም አይፈጸም።