የሞተር ዘይትና ፊልትሮ አመራረጥ፤ ዘይቱን በገዛ እጁ ለሚለውጥ ባለ ትራክተርና ባለ መኪና

የእርሻ ሥራ በሞተር ኀይል መሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ ገበሬው በሬውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሞተሩንም መጠበቅ ግዴታው ሆኗል። ይሁን እንጂ በሬ ሲርበው ይጮኻል፣ ሲታመምም ይተኛል፤ ሞተር ግን ዘይቱ ያረጀ ወይም የማይስማማው እንደ ሆነ ምንም ሳይናገር ሲሠራ ይከርምና፣ ዝናቡ ገብቶ እርሻው በተጣደፈበት ወይም እህሉ ተወቅቶ መጓጓዝ ባለበት ሰዓት ብረቱ ከብረቱ ተጣብቆ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ የዓመቱን ምርት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የሞተር ዘይት መለወጥ በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ልክ የሆነ መፍቻ፣ የዘይት መቀበያ ሳፋ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ሊፈጽመው ይችላል፤ ጋራዥ ካለበት ከተማ ርቆ ለሚኖር ባለ ትራክተርም ይህን ዕውቀት መያዝ ተገቢ ነው። ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው ቡሎኑ ሲፈታ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ገዢው ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ ውፍረቱን ይገምታል፣ ቀለሙን በብርሃን ያያል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፤ በጋሎኑ ጀርባ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ግን አያነብም። መታየት ያለበት ዋና ነገር የተጻፈው ደግሞ እዚያ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል፣ በአርሲ ደጋ ስንዴ የሚያመርት አንድ ገበሬ ይታሰብ። ይህ ሰው አንድ ያረጀ የናፍታ ትራክተርና ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራች አንዲት የቤንዚን መኪና አለው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ በርሜል ዘይት በአንድ ጊዜ ቢገዛ ዋጋው እንደሚቀንስለት ነጋዴው ነግሮታል። ዘይቱ 20 ደብልዩ 50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው፤ «ለሙቀት አገር የሚሻለው ወፍራሙ ነው» የሚል ምክርም ተጨምሮለታል። ይህ ገበሬ በርሜሉን ይግዛ ወይስ ይተው?

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የቁጥሩ ትርጉም ነው። ይህ አጻጻፍ ኤስ.ኤ.ኢ. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ እያሻሻለ ያመጣው የውፍረት መለኪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደብልዩ የተባለው ፊደል ክረምት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ሲሆን፣ ክረምት ሲባል ግን የኢትዮጵያ የዝናብ ወራት ሳይሆን የፈረንጅ አገር የበረዶ ጊዜ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተሩ እንዲነሣ ምን ያህል እንደሚፈቅድ ያመለክታል፤ ከፊደሉ በኋላ ያለው ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። ቁጥሮቹ ራሳቸው የሙቀት ልክ አይደሉም። 20 ደብልዩ የሚባለው ዘይት የሞተር ማስነሣት ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነው፤ 15 ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአርሲ ደጋ ሌሊት ውርጭ ቢወርድ እዚህ ልክ የሚደርስ ብርድ በእርሻ አገር አይታይም። ስለዚህ ሞተሩ በብርድ እንዳይነሣ ተብሎ የሚፈራበት ምክንያት የለም።

«ለሙቀት አገር ወፍራም ዘይት» የሚለው ምክር ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። ሞተር ከተነሣና ከሞቀ በኋላ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠር መክፈቻና መዝጊያ አለው፤ ውሃውም በአብዛኛው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆያል። ሑመራ ላይ አየሩ ከ40 ዲግሪ ቢያልፍ፣ አሰላ ላይ ደግሞ 15 ቢሆን፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ልዩነት ከውጭ የሚታየውን ያህል አይደለም። በቆላ ከባድ ጭነት ሲጎተት የዘይቱ ሙቀት ከፍ እንደሚል እሙን ነው፤ ለዚህም ሲባል ብዙ አምራቾች በመጽሐፋቸው ውስጥ የአየሩን ሙቀትና የሚፈቀደውን የዘይት ቁጥር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አውጥተዋል። መከተል የሚገባው ይህን ሠንጠረዥ እንጂ የነጋዴውን ግምት አይደለም።

የዚያ ገበሬ መኪና መጽሐፍ 0 ደብልዩ 20 ወይም 5 ደብልዩ 30 የሚል ቢሆንና ሠንጠረዡም ከዚያ የወፈረ የማይፈቅድ ቢሆን፣ 20 ደብልዩ 50 ማፍሰስ ጥፋት ነው። የዛሬ ሞተሮች የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፤ በብዙዎቹም የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው በዘይቱ ግፊት ነው። ወፍራም ዘይት ጧት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቤንዚንም ያባክናል። ያረጀ ሞተር ጭስ ሲያበዛ ወፍራም ዘይት የሚጨምሩበት ሰዎች አሉ፤ በተለይ መኪናው ሊሸጥ ሲል። ይህ ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይደብቅ እንደ ሆነ እንጂ ያለቀውን የፒስተን ፋሻ አያድስም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ሁለተኛው ነገር ፊደሉ ነው፤ ከቁጥሩም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ኤ.ፒ.አይ. የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ዘይትን በጥራቱ ሲመድብ፣ ለቤንዚን ሞተር የሚሆነውን ኤስ በሚል ፊደል፣ ለናፍታ ሞተር የሚሆነውን ሲ በሚል ፊደል ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ምድቡ አዲስ መሆኑን ያሳያል። ኤስ.ኤ. የተባለው የመጀመሪያው ምድብ ምንም ማዳበሪያ ቅመም የሌለበት በመሆኑ፣ ተቋሙ ራሱ ከ1930 ዓ.ም. በኋላ ለተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ይላል። ኤስ.ኤፍ. ከ1988 ዓ.ም. በኋላ ለተሠሩት፣ ሲ.ዲ. የተባለው የናፍታ ምድብ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ለተሠሩት የማይስማሙ ተብለው ተመዝግበዋል። እነዚህ ያረጁ ምድቦች ግን በርካሽ ዘይት በርሜል ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ የማያነበው ገዢ ነው የሚጎዳው።

ለናፍታ ትራክተር ሲ.ኤች.4፣ ሲ.አይ.4 እና ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ሲ.ኬ.4 ይገኛሉ። ሲ.ኬ.4 ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሊተካ የሚችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ናፍታው ድኝ የበዛበት ከሆነ ዘይቱ በአሲድ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ የመለወጫው ጊዜ ማጠር አለማጠሩን ከሞተሩ አምራች መረዳት ይገባል። ከሲ.ኬ.4 ጋር በአንድ ጊዜ የወጣው ኤፍ.ኤ.4 ግን የቀጠነና ለተወሰኑ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ በአሮጌ ትራክተር ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በአንድ ጋሎን ላይ የኤስና የሲ ፊደላት አብረው ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ፤ ያም ቢሆን ቁጥሩ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ካልተስማማ ዘይቱ ለመኪናው አይሆንም። ለከባድ ናፍታ ሞተር የተቀመመ ዘይት ፎስፎሩ ሊበዛ ስለሚችል፣ በአዲስ መኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ ያለውን ጢስ ማጣሪያ ቀስ በቀስ ያበላሻል። ትራክተሩ አሮጌና መጽሐፉም 20 ደብልዩ 50 የሚፈቅድ ከሆነ በርሜሉ ለእርሱ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለመኪናዋ ግን አይሆንም። ስለዚህ የአርሲው ገበሬ ለአንዱና ለሌላው ለየብቻ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ከበርሜሉ ዋጋ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ብር አንድ ሞተር አያስጠግንም።

ዘይት ሲገዛ የመያዣው ክዳን ማኅተም ያልተነካ መሆኑን፣ የተሠራበት ቀንና የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ማየት ያሻል። በታወቀ ጋሎን ውስጥ የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ መሸጥ የቆየ ማታለያ ነው። ባዶውን ጋሎን ከመጣል በፊት በምስማር መብሳት ለዚህ ሥራ እንዳይውል ያደርጋል።

ፊልትሮ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ ወደ ጋራዥ ቋንቋ የገባ ነው። የመጀመሪያውን የመኪና ዘይት ፊልትሮ በ1923 ዓ.ም. ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሠሩት። ከዚያ በፊት በዘይቱ ውስጥ የገባው አቧራና የብረት ብናኝ ዘይቱ እስኪለወጥ ድረስ ሲፍጭ ይኖር ነበር። የእርሻ አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደቃቅ ከሞተሩ ብረት ስለሚጠነክር፣ የአየር ማጣሪያው የተቀደደ ትራክተር በምንም ዐይነት ዘይት አይድንም፤ ዘይት የሚለውጥ ሰው የአየር ማጣሪያውንም አብሮ መመልከት ያለበት ስለዚህ ነው።

ሁለት ፊልትሮዎች ከውጭ ሲታዩ መንትያ መስለው በውስጣቸው ግን የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። በውስጡ ካለው ወረቀት ሌላ ሁለት ትናንሽ መዝጊያዎች አሉ። አንደኛው ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን ወይም ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ተከፍቶ ዘይቱን ሳይጣራም ቢሆን ወደ ሞተሩ ያሳልፋል፤ ዘይት ከማጣት የቆሸሸ ዘይት ይሻላልና። የሚከፈትበት ግፊት ከሞተር ሞተር ይለያያል። ሁለተኛው ሞተሩ ሲጠፋ በፊልትሮው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዝ የጎማ ክዳን ነው፤ ይህ ጎማ ርካሽ ሲሆን ቶሎ ይደርቅና፣ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የብረት ኳኳታ ያመጣል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ደግሞ የጥርሱ ልክ ነው። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ልኮች አሉ፤ አንዱ ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነው፣ ሌላው የኢንች ሦስት አራተኛ፣ ማለት 19 ሚሊሜትር ያህል የሆነው ነው። የ20 ሚሊሜትሩ ፊልትሮ በኢንቹ ዘንግ ላይ ሲገባ ጥቂት የያዘ ይመስላል፤ ጥርሱ ግን የነካው በጫፉ ብቻ ስለሆነ፣ የዘይቱ ግፊት ሲበረታ ፊልትሮው ይፈናጠራል፣ ሞተሩም በደቂቃ ውስጥ ዘይቱን ሁሉ ይተፋል። ስለዚህ ፊልትሮ በቁመትና በውፍረት ተመሳስሎ አይገዛም፤ በሞተሩ መጽሐፍ ወይም በአሮጌው ፊልትሮ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ መመለስም አይገባም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ቆሻሻውም ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

ሥራው ሲጀመር ሞተሩ ለብ ብሎ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶ መሆን አለበት። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ነፍስን ማስያዝ ስለሆነ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግበት። ዘይቱ ፈስሶ ሲያልቅ አሮጌው ፊልትሮ ይፈታል፤ እዚህ ላይ የጎማ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱን በጣት ዳብሶ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ቀለበቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተገጠመ፣ ሁለቱ ጎማዎች ተንሸራተው ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይረጫል። የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ቀብቶ በእጅ ማጥበቅ ነው፤ ጎማው ከነካ በኋላ ብዙ ጊዜ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃዋል፤ ትክክለኛው ልክ በፊልትሮው ላይ ተጽፏል። በመፍቻ ተረግጦ የጠበቀ ፊልትሮ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈታም። የማፍሰሻው ቡሎን ቀለበት በአዲስ ይተካል። ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋና፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በመለኪያው ዘንግ ይታያል። ከከፍተኛው ምልክት ማሳለፍ ጉዳት አለው፤ ዋናው ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋም ብረትን አያለሰልስም።

የወጣው ዘይት ብዙ ይናገራል። የናፍታ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቆሩ የመበላሸቱ ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ሞተሩን እያጸዳ መሆኑን ያሳያል። ወተት የመሰለ ዘይት ግን ውሃ መግባቱን፣ ምናልባትም የላይኛው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያመለክታል። አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ከፍቶ ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያገኘ ሰው፣ ሞተሩ ሳይቆም ወደ መካኒክ ቢወስደው ይሻላል።

የመለወጫው ጊዜ ለመኪና በኪሎ ሜትር፣ ለትራክተር በሥራ ሰዓት ይቆጠራል። በብዙ የትራክተር መጻሕፍት 250 ሰዓት የሚል ይገኛል፤ ከዚያ ያነሰ የሚያዝዙም አሉ። በአቧራ ውስጥ የሚያርስ ትራክተር ከተጻፈው በፊት ቢለወጥለት ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም። ቀኑና ሰዓቱ በደብተር ይጻፍ፤ የማስታወስ ኀይል በእርሻ ወራት አይታመንም።

የቀረው የተቃጠለው ዘይት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ከአንድ ለውጥ የሚወጣ ዘይት 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። በጉድጓድ ወይም በቦይ አጠገብ መድፋት የራስን መጠጥ ማበላሸት ነው። ለምስጥ መከላከያ የአጥር እንጨት የሚቀቡበት ሰዎች አሉ፤ ከዚያ እንጨት ሥር ግን አትክልት መተከል የለበትም። መዥገር ያጠፋል እየተባለ በከብት ቆዳ ላይ መቀባቱ ደግሞ ጨርሶ መቅረት አለበት፤ በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝና ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉ፣ ላሟ ትልሰዋለች፣ ወተቷንም ልጆች ይጠጡታል። ፊልትሮው አንድ ሌሊት ተደፍቶ ይንጠፍጠፍ፤ ዘይቱ በጄሪካን ተዘግቶ፣ ምንነቱ ተጽፎበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥና ወደ ከተማ በሚኬድበት ቀን የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።