የሕማም ባልንጀራ

«የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ስም በአገራችን ለቲቢ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ሲያስል ጎረቤቱ ይተላለፍብኛል ብሎ ፈቀቅ ይላል፤ ካንሰሩ ግን በሳል አይተላለፍም። ሌላው ደግሞ ትንባሆ ዋነኛው መንሥኤ መሆኑን ሰምቶ፣ አጭሶ የማያውቀውን እንኳ እንደ ኃጥእ ይመረምረዋል፤ ምርመራው ለአጫሹም ቢሆን ፈውስ አይሆነውም። ከዚህ ሁሉ ፍርድ የራቀው ያው ሕማም የደረሰበት ባልንጀራ ነው፤ እርሱ ደረጃ ሲወጡ እየደጋገሙ ማረፍን፣ ትንፋሽ ሲያጥር ትራስ ከፍ አድርጎ ሌሊቱን ማሳለፍን፣ የመድኃኒቱንም ድካም ከሐኪም አለመሸሸግን ከገዛ ሥጋው ተምሮ ያስተምራል። የሕሙማን ባልንጀርነት ጥቅም በሌላ ካንሰርም ተፈትኗል፤ በካናዳ የጡት ካንሰር በተሠራጨባቸው 235 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በባለሙያ የሚመራ የሕሙማን ጉባኤ ዕድሜን ባያራዝምም፣ ይልቁንም እጅግ ለተጨነቁት፣ ሐዘንንና የሥቃይን ስሜት እንዳቀለለ አስረድቷል።