መረጃ ቤት ሲቀይር

ቤት ለቅቆ ሌላ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ዕቃው ተጭኖ ከወረደ በኋላ የሚጎድል አይጠፋም። የተሰበረ ብርጭቆ ወዲያው ይታያል፤ የጠፋ ጭልፋ ግን የሚታወሰው ወጥ በሚወጣበት ሰዓት ነው። የመረጃም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ተቋም ለዓመታት ሲገለገልበት የቆየው የመረጃ ቋት ሲያረጅ ወይም ሲጠበው መዛግብቱን ወደ አዲስ ቋት ማሸጋገሩ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ሽግግሩ በምን መንገድ እንደሚከናወን፣ አሸጋጋሪው ፋይል ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚያጎድል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

አሸጋጋሪ ፋይል ለምን አስፈለገ?

ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን እርስ በርስ በሚዛመዱ ሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት እንደ ኦራክል፣ ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. እና ፖስትግሬስ ያሉ ሥርዓቶች የዚሁ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሥርዓት መረጃውን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው በራሱ አጻጻፍ ስለሆነ አንዱ የሌላውን የውስጥ ፋይል በቀጥታ አንብቦ ሊረዳ አይችልም።

ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች አሉ። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ሥርዓት ወደ እያንዳንዱ የሚተረጉም ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሥርዓቶቹ አምስት ቢሆኑ ሃያ ተርጓሚዎች ያስፈልጋሉ፤ አሥር ቢሆኑ ደግሞ ዘጠና። ሁለተኛው መፍትሔ ቋንቋቸው የተለያየ ነጋዴዎች በገበያ ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉም የሚያውቁትን አንድ የጋራ ቋንቋ መምረጥ ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ሥርዓት የሚያስፈልገው ወደ ጋራው ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ፕሮግራምና ከዚያ የሚያነብ ሌላ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ለአምስቱ አሥር፣ ለአሥሩ ደግሞ ሃያ ይበቃሉ ማለት ነው።

ከጋራ ቋንቋዎቹ መካከል እጅግ የተስፋፋው ሲ.ኤስ.ቪ. የሚባለው ፋይል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መዝገብ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ዓምዶቹም በኮማ ይለያያሉ። ማንኛውም ሥርዓት ይጽፈዋል፣ ያነበዋል፤ ሰውም ቢሆን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። የተለመደው አጻጻፉ እ.ኤ.አ. በ2005 አር.ኤፍ.ሲ. 4180 በተባለው ሰነድ ተዘርዝሮ ቢወጣም፣ ፋይሉ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ በመሆኑ ሁሉም ሶፍትዌር አንድ ዓይነት አጻጻፍ አይከተልም።

ቁጥሩ ይደርሳል፣ ትርጉሙ ይቀራል

የሲ.ኤስ.ቪ. ቀላልነት ዋጋ ያስከፍላል። ፋይሉ የሚሸከመው እሴቱን እንጂ የእሴቱን ትርጉም አይደለም። «2007» የሚል ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ይሁን፣ ብር ይሁን ወይም የክፍል ቁጥር ፋይሉ አይናገርም። በዜሮ የሚጀምር የስልክ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር ከተነበበ ዜሮው ይወድቃል። ነጥቡ ገና ያልተሞላለት ተማሪና በፈተናው ዜሮ ያገኘ ተማሪም ሊምታቱ ይችላሉ፤ የሁለቱ ዕጣ ፈንታ ግን ለየቅል ነው።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ጉዳይ የምንረዳው በአሃድ ምሳሌ ነው። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ እንደደረሰች ጠፍታ ቀረች። በምድር ላይ የነበረ አንድ ፕሮግራም የሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ-ሰከንድ አስልቶ በፋይል ያስተላልፍ ነበር፤ ፋይሉን የተቀበለው ክፍል ደግሞ ቁጥሩን በኒውተን-ሰከንድ እንደተጻፈ አድርጎ ያነበው ነበር። አንድ ፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ነው። ቁጥሮቹ አንዳቸውም ሳይዛነፉ ደርሰዋል፤ በመንገድ የቀረው አሃዳቸው ነው።

መስመር ሞልቶ የቀሩ ሰዎች

ሁለተኛው አደጋ መጉደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት በእንግሊዝ ላቦራቶሪዎች የምርመራ ውጤታቸውን በሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል ለጤና ተቋሙ ይልኩ ነበር። ተቋሙ እነዚህን ፋይሎች ወደ ማዕከላዊው ሥርዓት ከማስገባቱ በፊት በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ላይ ያሰባስባቸው ነበር። ይህ የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ቁጥሩም ሁለት በራሱ አሥራ ስድስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ፋይሉ ሲሞላ ትርፉ ወደ ሥርዓቱ ሳይገባ ቀረ። በዚህ ምክንያት ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ባለው ጊዜ በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠ 15,841 ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጡ። ሰዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የሚፈልጉት ሠራተኞች ግን ስማቸውን በጊዜው አላገኙም። የፋይል ጣሪያ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለንም።

በእኛ አገር የሚጨመሩ ፈተናዎች

በአገራችን መዛግብት ላይ ሌሎች ሁለት ጉዳዮች ይታከላሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን በቁጥር አሥራ ሦስተኛ ወር ተብላ ስትጻፍ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚሠራው ቋት አይቀበላትም፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታወቃል። አሳሳቢው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። መስከረም 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቀኑ በቁጥር 5/1/1990 ተብሎ ቢሻገር፣ አዲሱ ቋት ጃንዋሪ 5 ቀን 1990 ብሎ ይመዘግበዋል። ትክክለኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን 1997 ነው። ልጁ በአንድ ሌሊት ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ አረጀ ማለት ነው፤ ይህም የትምህርት ቤት መግቢያውን፣ ኋላም የጡረታ መውጫውን ያዛባል።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪካተት ድረስ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደላቱን በየራሳቸው የኮድ ቁጥር ያስቀምጡ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ መዝገብ ሳይተረጎም ከተሻገረ ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይሆናል። ዩኒኮድም ቢሆን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። «ገብረ እግዚአብሔር» የሚለው ስም አሥር ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስላለው 31 ባይት ይሆናል። ዓምዱ በ30 ባይት የተወሰነ ከሆነ ሥርዓቱ ወይ መዝገቡን አልቀበልም ይላል፣ ወይም የመጨረሻዋን «ር» ይቆርጣታል።

ምን ይደረግ?

ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ለመረጃ ሽግግርም ልንከተለው የሚገባን መርሕ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጉልበትን ተፈጥሮ ስትጠብቀው መረጃን የምንጠብቀው እኛ መሆናችን ነው። ስለዚህ ከሽግግሩ በፊትና በኋላ የመዝገቦቹ ብዛት ይቆጠር፤ እንደ ደመወዝና ነጥብ ያሉ ዓምዶች ይደመሩ፤ ድምሮቹም ይነጻጸሩ። በዕጣ የተመረጡ ጥቂት መዝገቦች ደግሞ ከዋናው ቅጽ ጋር በዓይን ይመሳከሩ፤ የተሳሳተ የልደት ቀን በቆጠራ አይገኝምና። የእያንዳንዱን ዓምድ ምንነት፣ አሃድ፣ የዘመን አቆጣጠርና የፊደል አጻጻፍ የሚገልጽ ሰነድ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይላክ። አሮጌውም ቋት አዲሱ በሥራ እስኪፈተን ድረስ አይደምሰስ።

ይህ ሁሉ ጥቂት ቀናትን ይወስድ ይሆናል። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው እህል ሲሆን ቢያንስ የት እንደወደቀ ይታያል። የፈሰሰ መረጃ ግን ካልተቆጠረ መፍሰሱም አይታወቅም።